አምስት ዶላር በር ላይ፦ የኢያን ማካይ ሂሳብ

አሜሪካ ውስጥ የኮንሰርት ትኬት ኦንላይን ገዝታችሁ የምታውቁ ነገሩን ታውቁታላችሁ፣ ዋጋው አንድ ነገር ይልና ካርዳችሁን አስገብታችሁ ልትጨርሱ ስትሉ የአገልግሎት ምናምን፣ የአዳራሽ ምናምን፣ የማስተናገጃ ምናምን ተደራርቦበት ሌላ ዋጋ ሆኖ ቁጭ ይል ነበር፣ እስከ ሜይ 2025 ድረስ። ሜይ 2024 ላይ (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የአሜሪካ ፍትህ ሚኒስቴር ከብዙ ስቴቶች ጋር ሆኖ ኮንሰርት አዘጋጁን ላይቭ ኔሽንን እና የሱን ትኬት ሻጭ ቲኬትማስተርን ገበያውን ጠቅልላችሁ ይዛችኋል ብሎ ከሷል። ከዛ አንድ አመት ቀደም ብሎ የእንግሊዙ ባንድ የዘ ኪዩር ዘፋኝ ሮበርት ስሚዝ ረከስ አድርጎ ያወጣው ትኬት ላይ ክፍያ ሲቆለልበት ትዊተር ላይ ወጥቶ ጮኸ፣ ቲኬትማስተርም ለገዢዎቹ ለአንዳንዱ 5 ለአንዳንዱ 10 ዶላር መለሰ። መቼስ ካልተጮኸ አይመለስም።

ይሄ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ደግሞ መሃል ላይ ፐንክ የሚባለውን ፈጣንና ጩኸታም ሮክ የሚወድ ሰው ካለ "ፉጋዚ እኮ በአምስት ዶላር ነበር የሚያስገቡት" ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ ነበር። ግን ብዙ ጊዜ የሚወራው እንደ ገድል ነው፣ የዚህ የዋሽንግተን ዲሲ ፐንክ ባንድ ጊታሪስትና ዘፋኝ ኢያን ማካይ ገንዘብ የማይወድ ጻድቅ ስለሆነ ተብሎ። እኔ ግን የሰውየውን የሙዚቃ ህይወት ከመጀመሪያው ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ጻድቅ ሳይሆን ሂሳብ የሚችል ሰው ነው። ወጪው ትንሽ የሆነ ሰው እምቢ ማለት ይችላል፣ ብድርና ደሞዝተኛ የተሸከመ ሰው አይችልም፣ ማካይ ይሄ የገባው ገና 20 አመት ሳይሞላው ነው፣ ከዛ በኋላ የሰራው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ማካይ በ1962 ዋሽንግተን ዲሲ ተወለደ፣ አባቱ ዋሽንግተን ፖስት ላይ የሃይማኖት ጉዳይ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ነበር። አብሮ አደግ ጓደኛው ሄንሪ ሮሊንስ ነው፣ በኋላ የብላክ ፍላግ ዘፋኝ የሆነው፣ ሁለቱም ጆርጅታውን ውስጥ አይስክሬም ቤት ሰርተዋል። በ1979 መጀመሪያ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለተማሪዎች ሬዲዮ ጣቢያ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ዘ ክራምፕስ የሚባለውን ባንድ አይቶ ነው ፐንክ ውስጥ የገባው። በትክክል የቀረጸው ባንድ ግን ሌላ ነው፣ ባድ ብሬይንስ።

እዚህ ጋ ለኛ የሚቀርብ ነገር አለ። ባድ ብሬይንሶች የዲሲ አካባቢ ጥቁር ልጆች ናቸው፣ መጀመሪያ ጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ ነበር፣ ከዛ ወደ ፐንክ ዞሩ፣ ከዛ ደግሞ ራስታ ሆኑ። የ1982 ካሴታቸውን ሽፋን ብታዩት መብረቅ የካፒቶልን ጉልላት ሲመታ ያሳያል፣ ቀለሙ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው፣ ጃንሆይን ብለው የያዙት ቀለም። ሃርድኮር የሚባለው ፈጣን ፐንክ ከዲሲ ሲወጣ የኛን ባንዲራ ቀለም ለብሶ ነው የወጣው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ሞክረው ሳይሳካላቸው እቃቸውንም አጥተው ሲመለሱ ከማካይ የመጀመሪያ ባንድ ከቲን አይድልስ ጋር እቃ እየተጋሩ ይለማመዱ ነበር፣ ማለትም እነ ማካይ ያኔ ገና የሃይስኩል ልጆች ሆነው እንደነዛ አይነት ሙዚቀኞች ሲሰሩ በቅርብ ያዩ ነበር። ሁለቱም ባንድ ከተጫወቱባቸው ቦታዎች አንዱ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ የነበረ የአርቲስቶች ቤት ነው፣ ያው በኋላ የሃበሻ ሬስቶራንት የተደረደረበት ጎዳና።

ቲን አይድልስ አንድ አመት ገደማ ብቻ ነው የቆየው፣ ማካይም እዛ ቤዝ ነበር የሚመታው። ከኮንሰርት ያገኟትን ሳንቲም ሁሉ ሳይከፋፈሉ የሲጋር ሳጥን ውስጥ እያስቀመጡ ቆይተው ባንዱ ሲበተን ወደ 600 ዶላር ሆነች። ተካፍለው መብላት ይችሉ ነበር፣ እነሱ ግን አንድ ትንሽ ሸክላ አሳተሙባት፣ 1,000 ኮፒ፣ በዲሴምበር 1980። ዲስኮርድ ሬከርድስ የሚባለው ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ) የተወለደው እንደዚህ ነው፣ ማካይና ድራመሩ ጄፍ ኔልሰን ከጓደኞቻቸው ጋር። ሽፋኑን ማሳተሚያ ቤት ሰርቶ እንዲያመጣላቸው አቅም ስላልነበራቸው የሌላ ሸክላ ሽፋን ፈተው ዘርግተው እንዴት እንደተቆረጠ አዩና ወረቀቱን ብቻ አሳትመው እቤት ቁጭ ብለው በመቀስ እየቆረጡ እያጠፉ በሙጫ አጣበቁት። ለቀጣዮቹ ሸክላዎችም እንደዚሁ፣ ጓደኛ የሆነ ሁሉ እየመጣ ሲያጣብቅ ይውል ነበር፣ በሺዎች የሚቆጠር። ከአንዱ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ የሚቀጥለውን ባንድ ያሳትማል፣ ብድር የለም፣ ኢንቨስተር የለም።

ከዛ ማይነር ትሬት መጣ፣ ከ1980 እስከ 1983፣ ማካይ እዚህ ዘፋኝ ብቻ ነው። ባንዱ ሶስት አመት ብቻ ቆይቶ አንዲት 46 ሰከንድ የምትሆን ዘፈኑ አለምን ዞረች፣ እጽ አያስፈልገኝም ከዛ የተሻለ የምሰራው አለኝ የምትል፣ ስሟ ስትሬይት ኤጅ። እጅ ላይ በማርከር የሚሳለው ኤክስ ምልክትም ከዚሁ ሰፈር የመጣ ነው፣ ቲን አይድልሶች ሳን ፍራንሲስኮ ሲጫወቱ ክለቡ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ መጠጥ እንዳይሸጥለት እጁ ላይ ኤክስ ያደርግ ነበር፣ እነሱም ሃሳቡን ዲሲ ይዘው መጥተው ለክለቦች ኤክስ አድርጉብንና አስገቡን አሉ። ልብ በሉ፣ ኤክሱ መጀመሪያ የመግቢያ ዘዴ ነው፣ እምነት የሆነው በኋላ ነው። ሌሎች ልጆች ግን ወስደው ንቅናቄ አደረጉት፣ አንዳንድ ከተማ ላይ ቢራ የያዘ ሰው የሚደበድቡም ነበሩ፣ ማካይ ደግሞ እኔ ስለራሴ ነው የዘፈንኩት ንቅናቄ አልመሰረትኩም እያለ 40 አመት ሙሉ ሲያስረዳ ኖረ። እንደዛም ሆኖ እስካሁን የሚጠየቀው ስለዛችው 46 ሰከንድ ነው፣ ያሳዝነኛል እውነት ለመናገር።

ጊታር ይዞ የምናውቀው ማካይ የመጣው ከዛ በኋላ፣ በፉጋዚ ነው። የመጀመሪያ ኮንሰርታቸው ሴፕቴምበር 1987 ዲሲ ውስጥ ነበር፣ ቤዝ ጆ ላሊ፣ ድራም ብሬንደን ካንቲ፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጋይ ፒቾቶ በድምጽ ገባ፣ በኋላም ሁለተኛ ጊታር ያዘ። በጣም የሚታወቀውን ዘፈናቸውን ዌይቲንግ ሩምን ስሙት፣ ቤዙ ብቻውን ይጀምራል፣ ድራምና ጊታር ይገባል፣ ከዛ ገና ሰላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ድንገት ሁሉም ጭጭ ይላል፣ ሙሉ ዝምታ፣ ሲዲው ተበላሸ እንዴ ብላችሁ ልትነሱ ስትሉ አንድ ላይ ይመለሳሉ። ሬጌ የሰማ ሰው ይሄ ማቆም ከየት እንደመጣ ያውቃል። የማካይ ጊታር ደግሞ አንድ ጊብሰን ኤስጂ ጊታር ማርሻል አምፕ (ድምጽ ማጉያ) ውስጥ የተሰካ ነው፣ በቃ፣ ፔዳል የለ ምን የለ፣ ድምጹን የሚቀይረው በእጁና በጊታሩ ቁልፍ ነው። ይሄም ራሱ የዛው ሂሳብ አካል ነው የሚመስለኝ፣ ትንሽ እቃ፣ ትንሽ መኪና፣ ትንሽ ሰው።

አሁን ወደ አምስት ዶላሩ እንምጣ። 1,000 ሰው ገባ እንበል፣ በር ላይ 5,000 ዶላር ተሰበሰበ። አንድ መደበኛ ባንድ ከዚህ ላይ ለማናጀር ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት፣ ለኮንሰርት ያዥ ኤጀንት 10 ፐርሰንት ይከፍላል፣ ከዛ የባስ ኪራይ፣ ሆቴል፣ የመብራት ሰራተኛ፣ የእቃ ጫኝ፣ ስለዚህ በአምስት ዶላር አይሆንም፣ በሃያም ላይሆን ይችላል። ፉጋዚ ማናጀር አልነበረውም፣ ማካይ ራሱ ስልክ እየደወለ ነው ጉዞውን ሁሉ የሚያዘጋጀው። በተለይ መጀመሪያ አካባቢ የሚያድሩት ሰው ቤት ወለል ላይ ነው። ማስታወቂያ አይገዙም፣ ቪዲዮ አይሰሩም፣ የባንዱን ቲሸርት ጭራሽ አያሳትሙም። እና ለአራት ሰውና ለጥቂት ረዳት 5,000 ዶላር ሲደርስ፣ አዳራሹ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ እንኳን፣ የሚተርፍ ነገር አለ። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ደግሞ አዳራሹ ይሞላል፣ የ15 አመት ልጅም እንዲገባ ስለሚያስገድዱ ከመጠጥ ቤት ውጭ ያለውን ሰው ሁሉ ያገኙታል። ሸክላውና ሲዲው ላይም ዋጋውን ራሱ ሽፋኑ ላይ ያትሙት ነበር፣ ሱቁ ጨምሮ እንዳይሸጥ። የ1990 አምስት ዶላር ዛሬ በኑሮ ውድነቱ ተሰልቶ 12 ዶላር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ነጻ ነበር ማለት አይደለም፣ ርካሽ ነበር።

አንድ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ኮንሰርታቸው ላይ ሰው ላይ እየዘለለ የሚማታ፣ በተለይ ሴቶችና ትንንሽ ልጆችን የሚገፋ ጎረምሳ ካለ ሙዚቃውን አቁመው በስም ካላወቁት በለበሰው ልብስ እየጠቆሙ አቁም ይሉታል፣ እምቢ ካለ ያስወጡታል፣ ሲያስወጡት ግን አምስት ዶላሩን መልሰው ነው። ለዚህ ብለው አምስት አምስት ዶላር የታሸገበት ፖስታ አዘጋጅተው ይዘው ይዞሩ ነበር። አስቡት፣ ሰውየው ተናዶ ገንዘቤን ሊል ሲል ፖስታውን ይሰጡታል፣ የሚጨቃጨቅበት ነገር የለውም። ይሄን በ150 ዶላር ትኬት አድርጉት እስቲ። ዋጋው ትንሽ መሆኑ መድረኩን ለማዘዝ ስልጣን ሰጣቸው፣ ባንዱ ከማንም ጋር ያለበትን እዳ በአንድ ፖስታ ዘግቶ መሄድ ይችላል።

ከትልቁ የሮክ ባንድ ከፐርል ጃም ጋር አወዳድሩት። በ1994 ፐርል ጃም ትኬታችን ከ20 ዶላር በታች ይሁን ቲኬትማስተር ግን ክፍያ እየጨመረ አላስሰራን አለ ብለው ለፍትህ ሚኒስቴር አቤት አሉ፣ የዛን ክረምት ጉዟቸውንም ሰረዙ፣ ኮንግረስ ፊት ቀርበው መሰከሩ፣ በ1995 ምርመራው ያለምንም ክስ ተዘጋ። ፐርል ጃም ትክክል ነበሩ፣ ችግሩ ግን የእነሱ መጠን ያለው ባንድ የሚጫወትበት ትልቅ አዳራሽ ሁሉ በቲኬትማስተር ውል የታሰረ ነበር። ፉጋዚ በዛው ሰሞን የቤተክርስቲያን አዳራሽ፣ ጂምናዚየም፣ የማህበረሰብ ማእከል ውስጥ እየተጫወተ ነበር፣ የሚከሰው ሰው አልነበረውም ምክንያቱም መጀመሪያውኑ እዛ ገበያ ውስጥ አልገባም። ጃንዋሪ 1991 የባህረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ዋይት ሃውስ ፊት ለፊት ላፋየት ፓርክ በብርድና በዝናብ ተቃውሞ ላይ በነጻ ተጫውተዋል፣ ዲሲ ውስጥ የሚያደርጉት ኮንሰርት በሙሉ ማለት ይቻላል ወይ ለበጎ አድራጎት ወይ በነጻ ነበር።

ገንዘቡ አልመጣላቸውም ማለት ደግሞ አይደለም። የሮክ ባንዱ ኒርቫና ከገነነ በኋላ ትልልቆቹ የሙዚቃ ካምፓኒዎች ጊታር የያዘ ሁሉ ሲፈርሙ በ1993 ኒው ዮርክ ሮዝላንድ ቦልሩም ላይ የአትላንቲክ ሬከርድስ መስራች አህመት ኤርቴጉን ራሱ መድረክ ጀርባ መጥቶ የራሳችሁ ሌብል ይኑራችሁ የፈለጋችሁትን ልስጣችሁ እንዳላቸው ይታወቃል። እምቢ አሉ። እንደ ጀግንነት ነው የሚወራው ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ለምን እሺ ይላሉ? ሌብል አላቸው፣ ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) የራሳቸው ነው፣ ሽያጩ ላይ ድርሻቸው ከማንም ካምፓኒ የተሻለ ነው፣ ሰውየው ሊሰጣቸው የመጣው ያላቸውን ነገር ነው፣ ያውም በእዳ መልክ፣ ምክንያቱም የካምፓኒ ቅድሚያ ክፍያ ማለት ከሽያጭ ላይ መልሶ የሚቆረጥ ብድር ነው።

ዲስኮርድ ከባንዶቹ ጋር የጽሁፍ ውል የለውም፣ በቃል ነው፣ ወጪ ከተሸፈነ በኋላ ትርፉን ከባንዱ ጋር ይካፈላል፣ የሚያሳትመውም የዲሲ አካባቢን ባንድ ብቻ ነው። ይሄ የፍቅር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሰፈርህን ብቻ ካሳተምክ ባንድ ፍለጋ የሚዞር ሰራተኛ አያስፈልግህም፣ አብዛኛው አንድ ስቱዲዮ፣ ዶን ዚንታራ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የጀመረው ኢነር ኢር፣ ገብቶ ቶሎ ቀርጾ ይወጣል። ቴይለር ስዊፍት የመጀመሪያ ስድስት አልበሞቿን ማስተር እጇ ለማስገባት እስከ 2025 ነው የታገለችው፣ እስከዛ ድረስ አራቱን እንደገና መቅዳት ነበረባት። ማካይ በቲንኤጅነቱ የቀዳው ሁሉ እስካሁን በእጁ ነው። ሁለቱን ማወዳደር ትንሽ ቀልድ ይመስላል፣ አውቃለሁ፣ የእሷ ገንዘብ የት የእሱ የት፣ ግን ጥያቄው አንድ ነው።

ሂሳቡ የማይሰራበት ቦታም አለ። ቀረጻህን መያዝ ትችላለህ፣ ምስልህን ግን መያዝ ከባድ ነው። በ2005 ናይኪ የማይነር ትሬትን ሽፋን፣ የማካይ ወንድም አሌክ ራሱን ተላጭቶ ደረጃ ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠበትን፣ አስመስሎ ለስኬትቦርድ ጉዞው ማስታወቂያ አደረገው፣ ተቃውሞ ሲነሳ ይቅርታ ጠይቆ አነሳው። ከዛ በኋላ ደግሞ በየሞሉ ፎርጂድ ቲሸርት እየተሸጠ አስቸገረ፣ ማካይ እያሳደደ ሲሰለቸው ጊዜውን ማባከኑን ትቶ ለአንድ አታሚ ፈቃድ ሰጠ፣ እና በ2013 የማይነር ትሬት ቲሸርት ኧርባን አውትፊተርስ የሚባል የፋሽን ሱቅ ውስጥ 28 ዶላር ሲሸጥ ሰዉ ከሃዲ ብሎ ጮኸበት። እኔ ክህደት አይታየኝም፣ ሰውየው እድሜ ልኩን ያደረገውን ነው ያደረገው፣ ወጪና ገቢውን አየ፣ ጊዜ ደግሞ ወጪ ነው።

ፉጋዚ ኖቬምበር 2002 ለንደን ላይ ከተጫወተ በኋላ አቁሟል፣ ተበተንን አላሉም፣ ዝም ነው ያሉት። (የመጨረሻው የ2001 አልበማቸው ከሁሉም ይበልጣል፣ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ።) ማካይ ከባለቤቱ ከድራመሯ ኤሚ ፋሪና ጋር ዘ ኢቨንስን መስርቶ የራሳቸውን ትንሽ ሳውንድ ሲስተምና መብራት ይዘው ቤተ መጻህፍትና የማህበረሰብ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ሲጫወቱ ከረሙ፣ ማለትም ወጪውን ከፉጋዚም በታች አወረዱት። ከዛ ጆ ላሊን ጨምረው ኮሪኪ የሚባል ባንድ ሆኑ፣ አልበማቸው በ2020 ኮቪድ መሃል ወጣ። እና በ2011 መጨረሻ የፉጋዚ የኮንሰርት ቅጂዎች ኦንላይን መውጣት ጀመሩ፣ ባንዱ ካደረጋቸው ከ1,000 በላይ ኮንሰርቶች ከ800 በላይ የሚሆኑት ተቀድተው ስለተቀመጡ አንዱ የፈለገውን ምሽት መርጦ ያወርዳል፣ የተለመደው ዋጋ 5 ዶላር ነው ግን ከ1 እስከ 100 ዶላር የፈለግከውን መክፈል ትችላለህ። ካሴቱን ማንም እንዲጥለው ሳይፈቅድ ለሃያ ምናምን አመት ማስቀመጡ ራሱ የሚገርም ነው፣ ቤት ውስጥ ያለ እቃ መጋዘን ኪራይ አይከፈልበትማ።

ታዲያ ዛሬ አንድ የ18 አመት ልጅ ይሄን መድገም ይችላል ወይ የሚለው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል፣ ልጆቹ ወኔ ስለሌላቸው ነው ይላል። ወኔ አይደለም የጠፋው። ያኔ ርካሹን ኮንሰርት የሚደግፈው የሸክላና የሲዲ ሽያጭ ነበር፣ አሁን እሱ ቦታ ላይ ስትሪም ነው ያለው፣ ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ አንድ ዘፈን በአመት ውስጥ 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ምንም አይከፍልበትም። ብዙ አዳራሽ ባንዱ ከሚሸጠው ቲሸርት ላይ ሳይቀር ፐርሰንት ይቆርጣል። ዋናው ግን ከተማው ነው። ዲሲ በ1970 ከ756,000 በላይ ህዝብ ነበራት፣ በ1980 ወደ 638,000 ወረደች፣ በ2000 ወደ 572,000፣ ማለትም እነ ማካይ ሲሰሩ ከተማዋ ሰው እየለቀቀባት ባዶ ቤትና ባዶ አዳራሽ የሞላባት ነበረች፣ አምስት ልጅ ተጋርቶ ከወንዙ ማዶ አርሊንግተን ውስጥ ቤት ተከራይቶ ሌብል የሚያንቀሳቅስበት ዘመን። በዛው ርካሽ ኪራይ ነው የኛም ሰዎች አዳምስ ሞርጋንን ቀጥሎም ዩ ስትሪትን ሬስቶራንትና ሱቅ ያደረጉት፣ ፐንኮቹም እኛም የገባነው ሌላው በማይፈልገው ቤት ነው። ናይን ሰርቲ ክለብ በ1996 ቪ ስትሪት ሲዛወር ያ ሰፈር ገና ርካሽ ነበር፣ ዛሬ እዛው አካባቢ አንድ ክፍል አፓርታማ ስንት እንደሆነ ዲሲ ያላችሁ ንገሩን፣ ብዙ የሃበሻ ቤትም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሄደው በዚሁ ነው። ኢነር ኢር ስቱዲዮ በ2021 ተዘግቷል፣ ህንጻውን የአርሊንግተን ካውንቲ ገዝቶት።

ስለዚህ በትኬት ክሱ ምክንያት ቲኬትማስተር ቢከፋፈል እንኳን ለትልልቆቹ ባንዶች ይጠቅም ይሆናል እንጂ አምስት ዶላር የሚያስከፍል አዲስ ባንድ አያመጣም። እሱን የሚያመጣው 200 ሰው የሚይዝ፣ መጠጥ ሳይሸጥ ኪራዩን መክፈል የሚችል ክፍል ነው፣ የቤተክርስቲያን ምድር ቤት፣ የቀበሌ አዳራሽ የሚመስል ነገር፣ እና ዲሲ ውስጥ ከነዛ ጥቂቱ አለ፣ ፎርት ሪኖ ፓርክ ላይ በየክረምቱ የሚደረገው ነጻ ኮንሰርት ለምሳሌ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የነበረ ነው፣ ፉጋዚም እዛ ብዙ ጊዜ ተጫውቷል፣ የፓርክ ፈቃዱና የጸጥታ ወጪው ግን በ2014 ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር።